ለሂት ፓምፕ የሚሰጥ ድጋፍ፦ ትንሹን ቁጥር ልመን ወይስ ቶሎ እጅ የሚገባውን?

ቤት_አዳሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን የሚሞቀው በጋዝ ቦይለር ነው። ቦይለሩ አርጅቷል፤ ቢቆይ አንድ ክረምት ነው። እኔና ባለቤቴ በሂት ፓምፕ (የውጭውን ሙቀት በመብራት ኃይል ስቦ ቤት በሚያሞቅ መሣሪያ) ልንተካው ተስማምተናል። ሁለት ድርጅቶች መጥተው ቤቱን አዩና ፕሮፎርማ ሰጡን። የሁለቱም ወረቀት ግርጌ ላይ «ከድጋፍ በኋላ የሚከፍሉት» የሚል ቁጥር በደማቁ ተጽፏል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ድርጅት የመንግሥትን ድጋፍ ራሱ ከሂሳቡ ቀንሶ ቀሪውን ብቻ ክፈሉ ይላል። በሁለተኛው ግን ሙሉውን እኛ እንከፍላለን፤ ድጋፉን የምናገኘው በዓመቱ ማብቂያ ታክስ ስናሳውቅ ነው። የሁለተኛው ቁጥር ያንሳል። ባለቤቴ የመጀመሪያውን እንያዝ ትላለች። የእኔ ዓይን ደግሞ ትንሹ ቁጥር ላይ ቀረ። ያለፋችሁበት ሰዎች ምን ትላላችሁ? ደግሞስ ድጋፉ ባይኖር ሂት ፓምፕ ያዋጣል?

የታክስ_ሰው

ባለቤትህን ስማት። ያ ትንሽ ቁጥር ያንተ የሚሆነው የዚያን ያህል ታክስ ካለብህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም በታክስ በኩል የሚሰጥ ድጋፍ፣ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ታክስህ ዜሮ ቢሆንም መንግሥት ገንዘቡን ይልክልሃል። በሌላኛው ካለብህ ታክስ ላይ ብቻ ይቀነሳል፤ የተረፈው ይቀራል። የአሜሪካው የሂት ፓምፕ ክሬዲት የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ከ2023 እስከ 2025 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከወጪው 30 በመቶ፣ ቢበዛ 2,000 ዶላር ይሰጥ ነበር። የዓመቱ ታክስህ 900 ዶላር ከሆነ የምታገኘው 900 ነው። የቀረው 1,100 ለሚቀጥለው ዓመት እንኳ አይተላለፍም። ሻጩ ግን ወረቀቱ ላይ 2,000 ብሎ ይጽፋል። ያንተን ታክስ ከየት ያውቃል?

ሕግም ይለወጣል። ይኸው ክሬዲት በ2022 በወጣው ሕግ እስከ 2032 እንዲቆይ ነበር የታሰበው። በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ዘጋው። መለኪያው ደግሞ ገንዘብ የከፈልክበት ቀን ሳይሆን መሣሪያው ተገጥሞ ያለቀበት ቀን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ «ስንት ነው?» የሚል አይደለም። ገንዘቡ መቼ፣ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ ይገባል? እሱን ጠይቅ።

ቧንቧው

ሥራዬ ገጠማ ነው። የታክስ_ሰው ባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር።

እንግሊዝና ዌልስ ሁለቱንም መንገድ ሞክረዋል። ከ2014 እስከ 2022 የነበረው ፕሮግራም ለባለቤቱ በየሦስት ወሩ እየከፈለ ሰባት ዓመት ይቆይ ነበር። ተደምሮ ሲታይ ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ሙሉውን ዋጋ መጀመሪያ የሚያወጣው ቤተሰቡ ራሱ ስለሆነ የተጠቀመው በአብዛኛው ጥሪት ያለው ሰው ነው። በ2022 ሲቀይሩት ነገሩን ገለበጡት። አሁን የሚያመለክተው ገጣሚው ነው፤ ድጋፉም ከሂሳቡ ላይ ይቀነሳል። መጀመሪያ 5,000 ፓውንድ ነበር፤ በኦክቶበር 2023 ወደ 7,500 ከፍ አለ። ዛሬ የሚያስፈልግህን ገንዘብ ከሰባት ዓመት በኋላ ማግኘት ቦይለር ለሞተበት ሰው ምንም አያደርግለትም።

ገጣሚው ሲያመለክት ደግሞ ኃላፊነቱም አብሮ ይመጣል። ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን ጣጣው የእሱም ነው። ስለዚህ የተመዘገበ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ከሚያወጣው ዝርዝር ላይ አረጋግጥ። «ተመዝግቤያለሁ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ቆጣሪ

እኔ ጥርጣሬ አለኝ። መንግሥት 7,500 ሲሰጥ ገጣሚው ዋጋውን 7,500 ቢጨምርስ? ድጋፉን የበላው ማን ነው?

ጣሊያንን አስታውሱ። በ2020 ቤቱን ለሚያድስ ሰው ከወጪው 110 በመቶ እንመልሳለን አሉ። ከሂት ፓምፕ እስከ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ ጣራና ግድግዳ መሸፈን) ድረስ ያካትት ነበር። ክሬዲቱን ለባንክ ወይም ለኮንትራክተር ማስተላለፍም ተፈቅዶ ነበር። የሥራው ዋጋ ናረ፤ የሐሰት ደረሰኝ በዛ። መንግሥት ላይ ከ100 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ዕዳ ጥሎ በ2023 መጀመሪያ ክሬዲት ማስተላለፉን አቆሙት። ይሄ ሁሉ ገንዘብ የማን ነው? የእኛው ታክስ አይደለም?

መሐንዲሷ

ቆጣሪ፣ ያነሳኸው ጉዳይ ከባድ ነው። ግን ጣሊያን ውስጥ የተበላሸው ድጋፍ በመሰጠቱ አይመስለኝም። የቤቱ ባለቤት ከኪሱ አንድ ሳንቲም ስለማያወጣ ነው። ምንም የማይከፍል ሰው ለምን ይከራከራል? ለምን ሦስተኛ ፕሮፎርማ ይሰበስባል?

ጀርመን በ2024 የጀመረችውን እይ። መነሻው 30 በመቶ ነው። አሮጌ ማሞቂያውን ቀድሞ ለሚነቅል ባለቤት 20 በመቶ ይጨመራል። ታክስ የሚከፈልበት የቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ40,000 ዩሮ ለማይበልጥ ደግሞ 30 በመቶ ሌላ። እንደ ፕሮፔን ያለ በተፈጥሮ የሚገኝ ጋዝ በውስጡ ሙቀት ተሸካሚ አድርጎ ለሚጠቀም ወይም ሙቀቱን ከመሬት ወይም ከውሃ ለሚስብ መሣሪያ 5 በመቶ። ግን ሁሉም ተደምሮ ከ70 በመቶ አያልፍም። ለአንድ ቤት የሚታሰበው ወጪም 30,000 ዩሮ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ትልቁ ድጋፍ 21,000 ነው። ገጣሚው ከ30,000 በላይ ቢጠራ ከዚያ የሚያልፈውን በሙሉ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ያኔ ባለቤቱም ይከራከራል።

የተወሰነ ገንዘብ የሚሰጥ ፕሮግራምም ጥቅም አለው። 7,500 ሁልጊዜ 7,500 ነው። ዋጋውን ያወረደ ገጣሚ ሥራውን ያገኛል።

ቤት_አዳሽ፣ ለሁለቱም ድርጅት ደውልና «ድጋፉን እርሱትና ዋጋችሁን ንገሩኝ» በል። የመሣሪያው፣ የሙቅ ውሃ ታንከሩ፣ የኤሌክትሪኩና የጉልበቱ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። የመሣሪያው ሞዴል ቁጥርም መኖር አለበት። ሁለቱን ማወዳደር የምትችለው ያኔ ነው። ግርጌ ላይ ያለውን ደማቅ ቁጥር ብቻ ይዞ መወሰን፣ በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ነው።

ቤት_አዳሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያስጨነቀኝ ነገር አለ። ሁለተኛው ድርጅት «በጀቱ እያለቀ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ፈርም፤ ቀብድም ክፈል» እያለኝ ነው። እውነት ሊሆን ይችላል?

ደመወዝተኛ

በጀት ማለቁ እውነት ሊሆን ይችላል። ካናዳ ቤት ለሚያድስ ትሰጠው የነበረው እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ስጦታ በ2021 ተከፍቶ በ2024 መጀመሪያ ለአዲስ አመልካች ተዘግቷል። ግን መቸኮል ከማመልከት ላይ እንጂ ከመፈረም ላይ አይደለም። እንዲያውም ቀድሞ መፈረም ድጋፉን ሊያሳጣህ ይችላል።

ጎረቤቴ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ኮንትራክተሩ «ወረቀቱን በኋላ እናስተካክላለን» ብሎ ሥራውን አስጀመረው። መሣሪያው ተገጠመ፣ ክፍያው ተከፈለ። ማመልከቻው ሲታይ ሥራው ከማመልከቻው በፊት ተጀምሯል ተብሎ ተመለሰ። ኮንትራክተሩ ስልኩን ማንሳት አቆመ። ሰውዬው የቤቱን ብድር እየከፈለ በዚያ ላይ ሙሉውን ዋጋ ተሸከመ። እስካሁን ሳስበው ያበሳጨኛል።

ጀርመኖቹ ለዚህ መላ አላቸው። ለማመልከት ከገጣሚው ጋር ውል መፈረም ያስፈልጋል፤ ውሉ ውስጥ ግን «ድጋፉ ካልተፈቀደ ይህ ውል አይጸናም» የሚል አንቀጽ የግድ መኖር አለበት። የትም አገር ብትሆን ይቺን አንቀጽ አስገባ። ገጣሚው እምቢ ካለ ለምን እምቢ እንዳለ ታውቃለህ። በካናዳው ደግሞ ከሥራው በፊት ባለሙያ መጥቶ ቤቱን መለካት ነበረበት፤ ሲያልቅም እንደገና። የመጀመሪያውን ልኬት የዘለለ ሰው ገንዘቡን አያገኝም።

ደረሰኙን፣ የመሣሪያውን ሴሪያል ቁጥርና የተነቀለውን ቦይለር ፎቶ አስቀምጥ። በኋላ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

የጡረታ_ቤት

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን እየተከታተልኩ ነው። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ባለቤቴም አርፏል። ቤቱ የራሴ ነው፤ ዕዳ የለበትም። የሚሞቀው በናፍጣ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ታንከሩን ማስሞላት ያስጨንቀኛል። ይሄ ታክስ ላይ ይቀነሳል የምትሉት ለኔ ቢጤ ምን ይረባል? የምከፍለው ታክስ እኮ ይህን ያህል አይደለም።

የታክስ_ሰው

እናታችን፣ የነገሩን ሥር ነው የነኩት። ታክስ ላይ ብቻ የሚቀነስ ድጋፍ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ብዙ ታክስ የሚከፍለውን ነው። ድጋፉ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። ይሄ እኔን ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ብርድ ገቢ አይጠይቅም።

ግን ተስፋ አይቁረጡ። ለእርስዎ የሚሆኑት ሌሎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ያው የ2022 ሕግ ክፍለ ሀገራቱ የሚያስተዳድሩት ሌላ ገንዘብ መድቧል። ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች የሆነ ቤተሰብ ለሂት ፓምፕ እስከ 8,000 ዶላር ይሸፈንለታል። ከ80 እስከ 150 በመቶ ያለው ደግሞ ከወጪው ግማሹን፣ እስከዚያው ጣሪያ ድረስ ያገኛል። ቅናሹ ግዢው ላይ ነው፤ ታክስ አይጠብቅም። የኤሌክትሪክ ፓነል መቀየር ካስፈለገ እስከ 4,000፣ ለሽቦ ሥራ እስከ 2,500 አለ። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ጊዜና ደንብ ስለሚያወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጀርመኑን የገቢ ጭማሪ መሐንዲሷ ከላይ ጽፋዋለች። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ ከስጦታው ጋር ወለድ የሌለው ብድር አለ።

አንድ ብቻ ልለምንዎ። ገጣሚው ራሱ የሚያቀርበውን የዱቤ ውል ልጅዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ሳያነበው አይፈርሙ።

ቧንቧው

እናታችን፣ ማንም በር አንኳኩቶ «ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው» ቢልዎት አያስገቡት። ፖላንድ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ድጋፉ ወጪውን በሙሉ እስከ መሸፈን ደርሶ ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያውም በቀጥታ ለኮንትራክተሩ ይሄድ ነበር። ሐቀኛ ያልሆኑት ርካሽና ደካማ መሣሪያ እየገጠሙ ሄዱ። ሰዎች የመብራት ሂሳብ ሲመጣላቸው ደነገጡ። መንግሥት በ2024 መጨረሻ ማመልከቻ መቀበል አቁሞ ደንቡን አጥብቆ በ2025 እንደገና ከፈተው። የተጎዱት ግን አቅም የሌላቸው ነበሩ።

መሐንዲሷ

ቤት_አዳሽ «ድጋፉ ባይኖር ያዋጣል?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ማንም ስላልመለሰው ልሞክር።

ሂት ፓምፕ ሙቀት አይፈጥርም፤ ውጭ ያለውን ሙቀት ስቦ ወደ ቤት ያስገባል። ብርድ ቢሆንም አየሩ ውስጥ ሙቀት አለ። ለዚህ ነው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት የሚወጣው። ጥሩ የጋዝ ቦይለር ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ጋዝ 0.9 ገደማ ያወጣል።

አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። የዓመቱ አማካይ 3 ከሆነ፣ 3ን ለ0.9 አካፍል፤ 3.3 ይመጣል። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ዋጋ ከጋዙ ከ3.3 እጥፍ በታች ከሆነ በየወሩ ታተርፋለህ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሂሳብህ ይጨምራል፤ መሣሪያውን በነፃ ቢሰጡህም እንኳ። አማካዩ 4 ከሆነ እስከ 4.4 እጥፍ ትችላለህ። 2.5 ከሆነ 2.8 ላይ ያበቃል። የመብራትና የጋዝ ደረሰኝህን አውጣና ዛሬውኑ አካፍል። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ያ አማካይ ከምን ይመጣል? በአብዛኛው ወደ ራዲያተር ከሚሄደው ውሃ ሙቀት። ውሃው በአንድ ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር የመብራት ፍጆታው 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ሂት ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት ይህን አድርግ። በጣም በሚበርድበት ሳምንት የቦይለሩን የውሃ ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ አውርደው። ማታም አታጥፋው። ቤቱ ከሞቀ ራዲያተሮችህ ይበቃሉ። አንድ ክፍል ብቻ ከቀዘቀዘ የሚቀየረው የዚያ ክፍል ራዲያተር ነው። ሁሉም ከቀዘቀዘ ሥራው ሰፋ ይላል። ይሄ ምንም ወጪ የለውም፤ ሻጩ ከሚነግርህ ሁሉ በላይ ይነግርሃል።

ቆጣሪ

መሐንዲሷ፣ ያሰላሽው ደስ ይላል፤ የኔንም ሐሳብ ያጠናክራል። የመብራትና የጋዝ ዋጋ ልዩነት ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ መንግሥት ለምን እሱን አያስተካክልም? ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 የካርቦን ታክስ (ነዳጅ ሲቃጠል በሚወጣው ካርቦን ልክ የሚከፈል ታክስ) ጣሉ። ኖርዌይ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ቤትን በናፍጣ ማሞቅ ከለከለች። ከአውሮፓ በሕዝባቸው ልክ ብዙ ሂት ፓምፕ ያላቸው እነዚሁ ቀዝቃዛ አገሮች ናቸው። በብዙ አገር ግን ታክሱና ልዩ ልዩ ክፍያው መብራት ላይ ይቆለላል፤ ጋዙ በቀላሉ ያልፋል። በአንድ እጅ ለመሣሪያው እየሰጡ በሌላው እጅ በየወሩ መውሰድ ነው።

መሐንዲሷ

በዚህስ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ግን የታክስ ለውጥ ዓመታት ይፈጃል፤ የእናታችን የናፍጣ ታንከር ደግሞ ዘንድሮ ይሞላል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ ባይ ነኝ። ኖርዌይም ብትሆን በ2003 የመብራት ዋጋ ከናረ በኋላ ለቤተሰቦች ድጎማ ሰጥታለች።

የጣራ_ስር

መጀመሪያ ኢንሱሌሽን! ሙቀቱ በጣራ በኩል እየወጣ ትልቅ መሣሪያ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ቧንቧው

ጣራውን መሸፈን ርካሽ ከሆነ አዎ፣ ቀድመህ ሥራው። ግን ቅድመ ሁኔታ ሲደረግ ብዙ ሰው እዚያው ይቆማል። እንግሊዝና ዌልስ ድጋፉን ለማግኘት የጣራና የግድግዳ ኢንሱሌሽን ቀድሞ ይሠራ ይሉ ነበር፤ በሜይ 2024 ያንን ግዴታ አነሱት። ዋናው ገጣሚው የቤቱን የሙቀት ብክነት ክፍል በክፍል ማስላቱ ነው። ግድግዳውን ሳይለካ፣ መስኮቱን ሳይቆጥር «ለናንተ ቤት 12 ኪሎዋት ይበቃል» የሚል ሰው አትመን። ከመጠን በላይ ትልቅ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ እየበራ ይጠፋል፤ መብራት ይበላል፤ ዕድሜውም ያጥራል።

ፀሐይ_በር

ሂሳቡን ባለሙያዎቹ ተናግረዋል። እኔ ስለ ኑሮው ልናገር። ሂት ፓምፕ ያለው ቤት ውስጥ ነው የምኖረው።

የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ ራዲያተሩን ብትነኪው ለብ ያለ ነው። እንደ ድሮው እጅ አያቃጥልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተበላሸ ብሎ ይደውላል። ክፍሉ ግን ሞቋል፤ ሌሊትም ቀንም እኩል ነው። ማታ አጥፍቶ ጠዋት ማብራት የለም። ውጭ ያለው ማሽን ደግሞ እርጥበት ባለው ብርድ ላይ ጀርባው ነጭ በረዶ ይይዛል። ከዚያ ማራገቢያው ይቆማል፣ ፉጨት የሚመስል ድምፅ ይሰማል፣ በረዶው ቀልጦ ወደታች ይወርዳል፤ ማሽኑም እንፋሎት ይለብሳል። እሳት የተነሳ ይመስላል እንጂ ሥራው ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማራገቢያው ይነሳል። የሚወርደው ውሃ ግን መሄጃ ይፈልጋል። የሰው መተላለፊያ ላይ ከፈሰሰ ተመልሶ ይረጋና ሰው ያንሸራትታል። ገጣሚው ማሽኑን የት እንደሚያስቀምጥና ውሃው በየት እንደሚሄድ ከመፈረማችሁ በፊት ቦታው ላይ ቆሞ ያሳያችሁ።

ቤት_አዳሽ

ዜና ይዤ መጣሁ። ደረሰኞቹን አውጥተን አካፈልን፤ የመብራቱ ዋጋ ከጋዙ ከ3 እጥፍ ትንሽ በታች ነው። ለሁለቱም ድርጅት ደውዬ ድጋፉን ሳትቀንሱ ዋጋችሁን ንገሩኝ አልኩ። ትንሹ ቁጥር የነበረው ድርጅት ሳይቀነስ ሲታይ ውዱ እሱ ሆኖ ተገኘ! የሙቀት ብክነት ስሌቱን ስጠይቀውም «ልምድ አለን፤ አያስፈልግም» አለኝ። የመጀመሪያው ስሌቱን ክፍል በክፍል ላከልን። «ድጋፉ ካልተፈቀደ ውሉ አይጸናም» የሚለውንም አንቀጽ ያለክርክር አስገባ። ማመልከቻው ገብቷል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ቦይለሩን 50 ላይ አድርገን ሞከርነው። ቤቱ ሞቀ፤ የልጆቹ ክፍል ብቻ ቀዘቀዘ። ግድግዳው በሁለት በኩል ውጭ ነው። አሁን የዚያ ክፍል ራዲያተር መቀየር አለበት ማለት ነው? ድጋፉስ እሱን ይሸፍናል?

መሐንዲሷ

አዎ፣ እሱን ብቻ ቀይር። ራዲያተር በ50 ዲግሪ ውሃ የሚሰጠው ሙቀት በ70 ከሚሰጠው ግማሽ ገደማ ስለሆነ፣ ርዝመቱን ሳትጨምር ድርብ ወይም ሦስት ድርብርብ ያለውን ብታስገባ ይበቃል። ቧንቧውም ብዙ አይነካም።

ሽፋኑ እንደ ፕሮግራሙ ነው። ጀርመን ውስጥ ከሂት ፓምፑ ጋር የሚቀየር ራዲያተር ድጋፍ ከሚታሰብለት ወጪ ውስጥ ይገባል። የተወሰነ ገንዘብ በሚሰጡት ግን ብትቀይርም ባትቀይርም ድጋፉ አይጨምርም። ማመልከቻው ገና ስላልተፈቀደ ራዲያተሩን አሁን አትግዛ። ገጣሚው ፕሮፎርማው ላይ ለብቻው መስመር ይጨምርና የተስተካከለውን ይላክ። ከፈቃዱ በፊት የገዛኸው ዕቃ ላይቆጠርልህ ይችላል።

የጡረታ_ቤት

ልጄ መጥቶ አብረን ደወልን። ከገቢዬ አንጻር ይገባዎታል ብለውኛል። ቤቱን የሚለካው ባለሙያ ሰኞ ይመጣል። ፀሐይ_በር፣ የውሃውን ነገር እጠይቀዋለሁ፤ መግቢያዬ በዚያው በኩል ነው።

ፀሐይ_በር

እናታችን፣ ደስ ብሎኛል። ከመኝታ ቤትዎ መስኮት ሥር እንዳያስቀምጡት ደግሞ ይንገሯቸው። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ሌሊት ግን ይሰማል። ከጎረቤት ድንበር የሚርቅበት ደንብም ካለ ባለሙያው አብሮ ይለካልዎ።